በብርድ የሚያብበው ሄሌቦር፦ አተካከሉና አያያዙ

ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ሄሌቦሬ መሬት ላይ ተዘርሯል። ሌሊቱን ከባድ ውርጭ ነበር። ዐሥር የሚሆኑ የአበባ ዘንጎች፣ የፈላ ውኃ የተደፋባቸው ይመስል፣ ጠቁረውና ልል ብለው ተኝተዋል። "በቃ፣ አለቀለት" ብዬ መቀስ ይዤ ወጣሁ። ሦስቱን ቆረጥኩ። እጄ ሲደነዝዝብኝ የቀረውን በኋላ እጨርሰዋለሁ ብዬ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ብቅ ብላ ነበር። ተመልሼ ስወጣ የቀሩት ሰባቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ምንም እንዳልተፈጠረ!

ለካ ተክሉ አልሞተም ነበር። ውርጭ ሲጠና ከዘንጉ ህዋሳት ውስጥ ውኃ ይወጣል፤ ዘንጉ ይልላል፤ አበባው ይተኛል። አየሩ ሲሞቅ ውኃው ይመለሳል፤ ዘንጉም ይነሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው መመሪያ ይሄ ነው፦ በውርጭ ጠዋት መቀስ አትያዙ። ሙቅ ውኃም አታፍስሱበት።

እኔ ሄሌቦር ላይ የሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ ከዚህ ጋር ይመሳሰላሉ። ያልተጠየቅኩትን ማድረግ ነው ችግሬ። ውኃ ማብዛት፣ ጥልቅ አድርጎ መቅበር፣ ከቦታ ቦታ ማዞር። ተክሉ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ጥልቀት ከተተከለ ግን ሃያ ዓመት እዚያው ሊኖር ይችላል። ሥራው ያለው መጀመሪያው ላይ ነው።

አንድ የቃል ነገር ላስቀድም። "ክረምት" ካልኩ ዝናብ ሊመጣባችሁ ስለሚችል እዚህ "ብርዱ" እያልኩ እሄዳለሁ። ውርጭና በረዶ ያለበትን፣ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው የሚቆሙበትን ወቅት ማለቴ ነው። ወራቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የሰሜኑን የምድር ክፍል ይዤ ነው። በደቡቡ ክፍል የምትኖሩ ስድስት ወር ጨምሩበት።

ምን ዓይነት ተክል ነው?

ሄሌቦር ሃያ ገደማ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የበቀሉት ከአውሮፓ እስከ ምዕራብ እስያ ባለው አካባቢ ነው፤ በተለይ ባልካን ላይ በርከት ይላሉ። አንዱ ብቻ ከዘመዶቹ ርቆ ቻይና ውስጥ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አንዱ "የገና ጽጌረዳ"፣ ሌላው "የዐቢይ ጾም ጽጌረዳ" ይባላል፤ ስማቸው የመጣው ከሚያብቡበት ጊዜ ነው። ከጽጌረዳ ጋር ግን ዝምድና የላቸውም። ይልቅ ጥቁር አዝሙድ የሄሌቦር ዘመድ ነው። ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው።

አበባው ለምን ወር ሁለት ወር እንደሚቆይ ልንገራችሁ። እኛ የአበባ ቅጠል የምንላቸው አምስቱ ሰፋፊ ነገሮች በእውነቱ የአበባ ቅጠል አይደሉም። በሌላ አበባ ላይ እምቡጡን ከውጭ ሸፍነው የሚይዙት አረንጓዴ ቅጠሎች ናቸው፤ እዚህ ቀለም ለብሰው ነው። እውነተኞቹ የአበባ ቅጠሎች ደግሞ ትንንሽ ቀንድ መሰል ቱቦ ሆነዋል። መሐል ላይ፣ ከብናኝ ተሸካሚዎቹ ሥር፣ በክብ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ንብ የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ንብ ከጎበኘችው በኋላ ቱቦዎቹና ብናኝ ተሸካሚዎቹ ይረግፋሉ፤ ባለ ቀለሙ ሽፋን ግን ዘሩ እስኪበስል አብሮ ይቆያል። ነጩ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ይዞራል እንጂ አይረግፍም።

አሁን ወደ ከረር ያለው ጉዳይ። ሄሌቦር መርዛም ነው። ሥሩም፣ ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ዘሩም። ልብን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ፈሳሹም ቆዳ ያሳክካል፣ አንዳንዱን ሰው ያቆስለዋል። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ጳውሳንያስ አንድ ታሪክ ጽፏል፦ ከበባ ላይ የነበረ ሠራዊት የከተማዋ ሰዎች የሚጠጡት ወንዝ ውስጥ የሄሌቦር ሥር ከተተ፣ የጠጡት ሁሉ በተቅማጥ ተያዙ፣ ከተማዋም ተያዘች። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፣ ሥሩን በባዶ እጅ አትነካኩ። ጓንት አድርጉ። ትንሽ ልጅ ወይም ነገር ሁሉ የሚያኝክ ቡችላ ካላችሁ ደግሞ በቀላሉ ከማይደርሱበት ቦታ ትከሉት። መርዛምነቱ አንድ ጥቅም አለው፤ አጋዘንና ጥንቸል እምብዛም አይነኩትም።

የትኛውን ልምረጥ?

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነው፦ የዐቢይ ጾም ጽጌረዳ የሚሉት ድቅል፣ በሳይንሳዊ ስሙ *ሄሌቦረስ ሂብሪደስ*። ጠንካራ ነው። ስህተት ይቅር ይላል። ቁመቱ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል ያብባል። ቀለሙ ከነጭ ተነስቶ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ሊባል እስኪደርስ ድረስ ይሄዳል፤ ነጠብጣብ ያለበትም አለ። ድርብርብ አበባ ያላቸውም አሉ። ለእነዚህ መነሻ ከሆኑት መካከል ኤሊዛቤት ስትራንግማን የተባለች እንግሊዛዊት አትክልተኛ በ1971 ሞንቴኔግሮ ላይ በዱር ያገኘቻቸው ሁለት ተክሎች ይጠቀሳሉ። ይህ ድቅል በ2005 በአሜሪካ የዓመቱ ቋሚ ተክል ተብሎ ተመርጧል። ተገቢ ነው እላለሁ።

የገና ጽጌረዳው፣ *ሄሌቦረስ ኒጀር*፣ አጠር ያለ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አበባው ነጭ ሆኖ ሳለ ስሙ "ጥቁር" ማለት ነው፤ ሥሩ ጥቁር ስለሆነ። ከሁሉም ቀድሞ ያብባል፤ ለማሰሮም ይመቻል። ግን አመለኛ ነው። ኖራማ አፈር ይወዳል፤ ውኃ ሲቋጥርበት ያኮርፋል። ገና ላይ ያበበ ሆኖ የሚሸጠው በአብዛኛው ለዚሁ ቀን ተብሎ በግሪን ሃውስ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ዘግይቶ ቢያብብ አትደነቁ።

ደረቅ ጥላ ካላችሁ፣ ማለትም ምንም የማይበቅልበት ከዛፍ ሥር ያለ ቦታ፣ *ሄሌቦረስ ፌቲደስ* ይሞከር። ቅጠሉ ጣት ጣት ሆኖ የተከፋፈለ ነው። አበባው ጠርዙ ወይን ጠጅ የሆነ ትንሽ አረንጓዴ ደወል ይመስላል። ስሙ "ግም" ማለት ነው፤ የሚሸተው ግን ቅጠሉ ሲታሽ ብቻ ነው። የዚህ ተክል አንድ ነገር ይገርመኛል። በአበባው ፈሳሽ ውስጥ የሚኖሩ እርሾዎች ስኳሩን ሲያብላሉ አበባውን ከውጭው አየር በጥቂት ዲግሪ ያሞቁታል። በብርዱ መሐል ትንሽ ምድጃ!

ፀሐይ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ የኮርሲካውን፣ *አርጉቲፎሊየስ*ን ፈልጉ። ቅጠሉ ጠርዙ መጋዝ መሰል፣ ቁመቱ እስከ ሜትር የሚጠጋ ነው። እንደ ሌሎቹ በጣም ከባድ ብርድ አይችልም።

ስትገዙ አበባው ሲፈካ ግዙ። ከዘር የበቀለ ድቅል ከሆነ አንዱ ከሌላው ስለሚለይ የወደዳችሁትን በዓይናችሁ አይታችሁ ትወስዳላችሁ። ቅጠሉን ገልብጣችሁም እዩ። ጥቁር ነጠብጣብና ጥቁር ሰረዝ ያለበትን እዚያው ተዉት።

ቦታና አፈር

ሄሌቦር የሚወደው ቦታ በብርዱ ወራት ብርሃን፣ በሙቀቱ ወራት ጥላ ያለበትን ነው። ይህን የሚያሟላው ቅጠሉ የሚረግፍ ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ነው። ዛፉ ባዶ ሲሆን አበባው ፀሐይ ያገኛል፤ ዛፉ ሲለብስ ሄሌቦሩ ይጠለላል። ዓመቱን ሙሉ ድቅድቅ ያለ ጥላ ውስጥ ከተከላችሁት አይሞትም፤ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

አበባው አንገቱን የደፋ ነው። ሜዳ ላይ ከተተከለ ፊቱን ለማየት መንበርከክ አለባችሁ። ተዳፋት ወይም ከፍ ያለ መደብ ካላችሁ እዚያ ትከሉት፤ ከታች ሆናችሁ ወደ ላይ ታዩታላችሁ። ከኩሽና መስኮት ወይም በየቀኑ ከምታልፉበት መንገድ አጠገብ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በጃንዋሪ ብርድ የጓሮ ጥግ ድረስ አበባ ለማየት የሚሄድ ሰው አላውቅም።

አፈሩ ለም፣ ጥልቀት ያለው፣ ውኃ የሚያሳልፍ ይሁን። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7 አካባቢ ወይም ትንሽ ከዚያ ከፍ ያለ ቢሆን ይስማማዋል። በጣም አሲዳማ አፈር ካላችሁ የአትክልት ኖራ ትንሽ ጨምሩ። ሸክላማ አፈር አይጠላም፤ የሚጠላው ውኃ የሚተኛበትን ነው። ለመፈተሽ 40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ውኃ ሙሉበት። ከጠጣ በኋላ እንደገና ሙሉት። በሁለተኛው ዙር ውኃው ከሰዓታት በኋላም እዚያው ከቆመ ቦታውን ቀይሩ ወይም መደቡን ከፍ አድርጉ። ከጉድጓዱ ግርጌ ጠጠር መከመር መፍትሔ አይሆንም፤ ውኃው ጠጠሩ ላይ ይጠራቀማል።

መሬት ላይ አተካከል

ጥሩው ጊዜ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። አፈሩ ገና ሞቅ ያለ ስለሆነ ሥር ይሰዳል። ያመለጣችሁ በፌብሩዋሪና በማርች መትከል ትችላላችሁ። መሬቱ በውርጭ ድንጋይ ሲሆን ግን ተዉት።

1. ችግኙን ከነማሰሮው ባልዲ ውኃ ውስጥ ንከሩት። አረፋ መውጣቱ ሲቆም አውጡት።

2. ጉድጓዱን ከማሰሮው ሁለት እጥፍ አስፉት። ግርጌውን በመቆፈሪያ ነካ ነካ አድርጋችሁ አላሉት፤ የሄሌቦር ሥር እንደ ገመድ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ላይ ሁለት አካፋ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የቅጠል ብስባሽ ቀላቅሉ። ትኩስ የከብት ፍግ አይሁን።

3. ተክሉን ከማሰሮው አውጡት። ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ክብ ከሠራ በጣት ቀስ ብላችሁ ፍቱት። አንዳንዱ ሥር ቢበጠስ አይጎዳም።

4. እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሥሩና የቅጠሉ ዘንግ የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጉ። ወፈር ያለ፣ ትንንሽ ጫፎች ያሉት አንገት ነው። ይህ አንገት ከአፈሩ ወለል ጋር እኩል መሆን አለበት። ከጉድጓዱ አፍ ላይ እንጨት አጋድማችሁ ለኩት። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ ከተቀበረ ተክሉ አበባ ይቀንሳል፤ ርጥብ በሆነ ቦታ ደግሞ ይበሰብሳል። "ቅጠል አለው፣ ግን አያብብም" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ጥልቀት ላይ እንደተከለው ነው።

5. አፈሩን መልሱ፤ በእጅ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። በእግር አትርገጡት።

6. አንድ ባልዲ ሙሉ ውኃ ቀስ እያላችሁ አጠጡ። ከዚያ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የቅጠል ብስባሽ ጉዝጓዝ ዙሪያውን አልብሱ። አንገቱ ላይ ግን አታድርጉ፤ የመዳፍ ስፋት ክፍት ተዉለት።

በተክልና በተክል መካከል 45 ሴንቲ ሜትር ይኑር። መጀመሪያ ባዶ ይመስላል። ታገሱ፤ ይሞላል። ክፍተቱን እስከዚያው ስኖውድሮፕና ክሮከስ በሚባሉ ትንንሽ አበቦች መሙላት ይቻላል። ከሄሌቦሩ ጋር አብረው ያብባሉ፤ ከዚያ ቅጠላቸውን ሰብስበው መሬት ውስጥ ይገባሉ።

በማሰሮ ከሆነ

በማሰሮ ላይ የሚበዛው ስህተት ማሰሮውን በስፋቱ መምረጥ ነው። የሚያስፈልገው ጥልቀት ነው። ለአንድ ተክል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ያስፈልጋል። ሸክላ ከሆነ ውርጭ የማይሰነጥቀው ዓይነት ይሁን።

አፈሩን እኔ እንዲህ ነው የማዘጋጀው፦ ሁለት እጅ ከአፈር የተሠራ የማሰሮ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የቅጠል ብስባሽ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር። ከፒት (ከረግረግ ከሚቆፈር ብስባሽ) ብቻ የተሠራው ቀላል ኮምፖስት ለአንድ ዓመት ይሆናል፤ ከዚያ ይሟሽሽና ሥሩን ያፍነዋል። የአንገቱ ሕግ እዚህም ያው ነው። ላዩ ላይ ስስ የጠጠር ሽፋን አድርጉ፤ አንገቱ እንዳይርስ ይረዳል፤ ዝናብ ጭቃ ወደ አበባው እንዳይረጭም ያደርጋል።

የመጀመሪያው የማሰሮ ሄሌቦሬ የሞተው በሳህን ነው። ከሥር የተቀመጠውን የውኃ መያዣ ሳህን ማለቴ ነው። በረንዳው እንዳይቆሽሽ ብዬ ነበር። ዝናቡ ሞላው፣ ውርጩ አቀዘቀዘው፣ ሥሩ ሳምንታት ውኃ ውስጥ ቆመ። ማርች ላይ ሳብ ሳደርገው ያለ ሥር እጄ ላይ ቀረ፤ አንገቱ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ልስልስ ብሎ ይሸት ነበር። ስለዚህ ሳህን አታድርጉ። በተቃራኒው ማሰሮውን በሦስት የጡብ ስባሪ ላይ አስቀምጡትና ከፍ ይበል።

ማሰሮ ከአራቱም ጎን ስለሚቀዘቅዝ ሥሩ ከመሬት ውስጥ ይልቅ ይጎዳል። ውርጩ ቀናት ከሰነበተ ማሰሮውን ግድግዳ ጥግ አስጠጉት፤ በጆንያ ጠቅልሉት። አፈሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይደርቅም ጠብቁ። ጣታችሁን ሁለት አንጓ ድረስ ክተቱ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጡ፤ ውርጭ በሌለበት ቀን፣ ጠዋት።

ያበበ ማሰሮ ቤት ውስጥ ማስገባት ይቻላል ወይ? ለጥቂት ቀን፣ አዎ። ሳሎን ውስጥ ከማሞቂያ አጠገብ ለአንድ ወር ካስቀመጣችሁት ግን ቅጠሉ ይገረጣል፣ አበባው ይጠወልጋል፣ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ይወረዋል። ከቤት ስታወጡትም በአንዴ ውርጭ ላይ አትጣሉት። ቀን ቀን እያወጣችሁ፣ ማታ ቀዝቃዛ ግን ውርጭ የሌለበት ቦታ እያሳደራችሁ፣ ሳምንት ያህል አለማምዱት።

በየሁለት ሦስት ዓመቱ ወደ ተለቅ ያለ ማሰሮ አዛውሩት። ወይም መሬት ካላችሁ መሬት ላይ አሳርፉት። እውነቱን ለመናገር ሄሌቦር ማሰሮን ይችለዋል እንጂ አይወደውም።

ቅጠል መቁረጥ

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ዋናው ይሄ ነው። ድቅሉ ሄሌቦር ላይ ያለፈው ዓመት ቅጠል በዲሴምበር አርጅቶ፣ ተበሳስቶ መሬት ላይ ይንጋደዳል። አብዛኛው የቅጠል በሽታ የሚያድረው እዚያ ላይ ነው። ከተተወ ዝናብ ሲመታው በሽታው አዲሱ አበባ ላይ ይረጫል።

ስለዚህ በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ መጀመሪያ ጓንት አድርጋችሁ ተንበርከኩ። አሮጌውን ቅጠል ወደ ጎን ግፉና መሐሉን እዩ። ከአፈሩ ብቅ ያሉ፣ እንደ ተጨበጠ የሕፃን ጣት የሚመስሉ ሮዝማ እምቡጦች ታያላችሁ። እነሱን አትንኩ። የሚቆረጠው ረጅም፣ ጠንካራ፣ ጫፉ ላይ አንድ የተዘረጋ መዳፍ የያዘው ዘንግ ነው። የአበባው ዘንግ ደግሞ ለስለስ ያለ፣ ጫፉ እንደ ከዘራ የተቆለመመ ነው። ከተጠራጠራችሁ ዘንጉን ከሥር እስከ ጫፍ በጣት ተከተሉት፤ ከዚያ ቁረጡ። አንዴ ሳልከተል ቆርጬ የዓመቱን ምርጥ አበባ እጄ ላይ አግኝቼዋለሁ።

ከሥሩ አስጠግታችሁ ቁረጡ። ሁሉም ቅጠል ይሂድ። ተክሉ ራቁቱን ቀርቶ ያሳዝናል፤ ለሳምንታት ብቻ ነው። አበባው ሲወጣ ያለ ቅጠል ግርዶሽ ፊት ለፊት ይታያል፤ ንብም በቀላሉ ታገኘዋለች። አዲስ ቅጠል ከአበባው ኋላ ይመጣል። የቆረጣችሁትን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ፤ ጣሉት።

የገና ጽጌረዳው ላይ እንዲህ አትጨክኑ። የታመመውንና የተቀደደውን ብቻ ልቀሙ። ፌቲደስና የኮርሲካው ደግሞ የተለየ ሥርዓት አላቸው፤ አበባቸው የሚመጣው ባለፈው ዓመት በወጣው ግንድ ጫፍ ላይ ነው። በብርዱ ከቆረጣችሁት አበባውን ቆረጣችሁት። አብቦ ሲጨርስ፣ ሜይ ወይም ጁን ላይ፣ ያ ግንድ ከሥሩ ይወገዳል፤ አዲሶቹ ከጎኑ መውጣት ጀምረዋል።

ውኃና ማዳበሪያ

የመጀመሪያው ዓመት በሙቀቱ ወራት በሳምንት አንዴ ጠልቆ እንዲገባ አጠጡ። በየቀኑ ነካ ነካ ማድረግ ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ያለው ድርቅ ሲበዛ ብቻ ነው የሚፈልጋችሁ።

ማዳበሪያ በዓመት ሁለቴ ይበቃል፤ አንዴ በፌብሩዋሪ ወይም በማርች፣ አንዴ በሴፕቴምበር። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። የሚቀጥለው አበባ እምቡጥ ከመሬት ሥር የሚዘጋጀው ግን ከሙቀቱ ወራት መጨረሻ ጀምሮ ነው። አንድ እፍኝ የተመጣጠነ ማዳበሪያ ዙሪያውን በትኖ አፈሩን በቀስታ መኮትኮት በቂ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሉን ያፋፋና ለበሽታ ያጋልጠዋል።

ሲታመም

ጥቁር ነገር ባያችሁ ቁጥር አትሸበሩ፤ ግን ለዩት። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ።

አንደኛው የቅጠል ነጠብጣብ ነው፤ ፈንገስ ነው። ክብ ወይም ቅርጽ የለሽ ቡናማ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴ መሐሉ ላይ ቀለበት አለው። በአሮጌ ቅጠል ላይ ይበዛል። ቅጠሉን ቆርጦ መጣል አብዛኛውን ጊዜ ይገላግላል።

ሁለተኛው "ጥቁር ሞት" ይባላል፤ ቫይረስ ነው። እዚህ ላይ ጥቁሩ ነጠብጣብ ሳይሆን ሰረዝ ነው። የቅጠሉን ደም ሥሮች ተከትሎ በእስክርቢቶ የተሰመረ ይመስላል። የሚጀምረው በአዲሱ ቅጠል ላይ ነው፤ ቅጠሉና አበባው ተጣሞና ቀንጭሮ ይወጣል። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነሥሩ ነቅላችሁ አስወግዱ፤ መቀሱንም እጠቡ፣ በአልኮል ጥረጉ። ያማል፤ ግን አንዱን ለማዳን ሁሉንም አትጡ።

ክሽክሽ ብርዱ ሊያልቅ ሲል አበባው ውስጥና ከቅጠሉ ሥር ተሰብስቦ ይጠባል። ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል ተብሎም ይጠረጠራል። በጓንት ደፍጥጡት ወይም በውኃ እጠቡት። ንብ የምትጎበኘው አበባ ላይ የነፍሳት መድኃኒት አትርጩ። በዚያ ወቅት ሌላ የምትቀስመው ብዙ የላትም።

ቀንድ አውጣ፣ ዛጎል ያለውም የሌለውም፣ አዲስ እምቡጥ ይበላል። ማታ በባትሪ ወጥቶ መልቀም ከሁሉም ይሻላል። በማሰሮ ያለው ተክል ያለ ምክንያት ከጠወለገና ውኃ ካላነሳው ገልብጡትና አፈሩን እዩ። ነጭ፣ ጭንቅላቱ ቡናማ፣ ግማሽ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ ትል ካገኛችሁ የነቀዝ እጭ ነው፤ ሥሩን እየበላው ነው። ትሎቹን ልቀሙ፣ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ።

ማባዛት

ድቅሉን መክፈል ይቻላል፤ በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር። ሙሉውን ቆፍራችሁ አውጡት፣ አፈሩን በውኃ እጠቡት፣ አንገቱ በደንብ ይታይ። ከዚያ በስለታም ቢላ ክፈሉት። እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ ሦስት እምቡጥና በቂ ሥር ይኑረው። ከዚያ ያነሰ ክፋይ ዓመታት ይፈዛል። ደህና የሚያብብ ተክል ካላችሁ ግን ለመክፈል አትቸኩሉ። ፌቲደስና የኮርሲካው አይከፈሉም፤ በዘር ብቻ ነው።

ዘር ላይ አንድ ምስጢር አለ፤ ትኩስ መሆን አለበት። በሜይና በጁን የዘር ከረጢቶቹ ያብጣሉ፣ ቡናማ ይሆናሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ዘሩ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፤ ጎኑ ላይ ነጭ ቅባታማ ጭረት አለው። ጉንዳን ያንን ጭረት ስለምትወድ ዘሩን ተሸክማ ትሄዳለች፤ በዱር የሚዛመተውም እንዲሁ ነው። እሷን ለመቅደም ከረጢቱን በስስ ጨርቅ እሰሩት።

ዘሩ በተገኘ በቀናት ውስጥ ይዘራ። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር፣ ላዩ ላይ ስስ ጠጠር፤ ከዚያ ውጭ፣ ጥላ ውስጥ፣ ርጥበቱ ተጠብቆ ይቀመጥ። ምንም አይታይም። ወራት ያልፋሉ። ዘሩ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ብርድ ማግኘት አለበት። ብዙ ሰው ኦክቶበር ላይ ተስፋ ቆርጦ ይደፋዋል። እናንተ አትድፉት። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ሁለት ሁለት ቅጠል ይዞ ብቅ ይላል። ሦስተኛው ቅጠል፣ ጥርስ ያለው የራሱ ቅጠል፣ ሲወጣ ለየብቻ አዛውሩት። በብዛት በሦስተኛው ዓመት ያብባል። እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ለዚህ ነው የምዘራው።

ከእናቱ ሥር ራሱ ተበትኖ የበቀለም ይኖራል። እሱንም አንስታችሁ አርቃችሁ ትከሉት፤ እናቱ ሥር ከተዋችሁት ትውጠዋለች።

ቆርጦ ማስቀመጥ

ገና የፈካ የድቅል አበባ ተቆርጦ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ በማግስቱ ይዝለፈለፋል። ብናኝ ተሸካሚዎቹ ረግፈው መሐሉ ላይ የዘር ከረጢት ማበጥ ሲጀምር ቁረጡት፤ ያኔ ይቆያል። ወይም ዘንጉን ትታችሁ አበባውን ብቻ ቁረጡና ዝርግ ሳህን ውኃ ላይ አንሳፍፉት። ያ የተደፋ ፊት በመጨረሻ ወደ ላይ ይታያል። ውኃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። ሳህኑን ልጅና ድመት ከማይደርሱበት አስቀምጡ፤ ውኃውም መርዝ ይይዛል።